የእጇን ቋንቋ የማይሰማ አማካሪ

የእህቴ ልጅ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቃ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበች። መስከረም ላይ ስትደውልልኝ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ኅዳር ላይ ግን፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ብቻዬን የምሆን አልመሰለኝም ነበር» አለችኝ።

«ልዩ ክፍል» የሚባለው ክፍሏ ግቢው ጥግ ላይ ነው። 11 ልጆች አሏት፦ 6ቱ መስማት የተሳናቸው፣ 4ቱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ 1ዱ ዓይነ ስውር። መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆች የሚሰሙ ናቸው፤ ልጆቹ እሷ ክፍል እስኪገቡ ድረስ የምልክት ቋንቋ አይተው አያውቁም። ስለዚህ ፊደል ከማስቆጠሯ በፊት ቋንቋ መስጠት አለባት። ዓይነ ስውሩ ልጅ በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ (ስሌትና ስታይለስ) ሲጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ነው፤ ሲያነበው ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይዳስሰዋል። ይህን ለማስለመድ ከጎኑ መቀመጥ፣ ጣቱን መያዝ ያስፈልጋል። ወደ እሱ ጎንበስ ባለች ቁጥር ግን ለ6ቱ ንግግሩ ይቋረጣል። ፊቷንና እጇን ካላዩ ትምህርት የለም።

በመመሪያ በኩል አልተጓደለባትም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ከወጣበት ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥርዓቱም አዲስ መምህር የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት በነባር አማካሪ እየታገዘ ይሠራል። ለእሷም ተመድበውላታል፦ ደግ፣ ሥራቸውን የሚወዱ የሒሳብ መምህር። ክፍሏ ገብተው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተቀመጡና «ጎበዝ፣ በርቺ» ብለው ፈረሙላት። ሌላ ምን ይበሉ? ልጁ በእጁ የመለሰው ትክክል ይሁን ስህተት የሚያውቁበት መንገድ የለም። እሳቸውን አልወቅስም።

ሥራው ራሱ ተለውጧል። ቀድሞ እንደ ሰበታው መርሐ ዕውራን ወይም እንደ መካኒሳው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ባለ ስፍራ የጀመረ መምህር የቸገረውን የሚጠይቀው ጎረቤት ክፍል ገብቶ ነበር። አካቶ ትምህርት ልጆቹን ወደየሰፈራቸው ትምህርት ቤት አመጣ፤ መብታቸው ነውና ደግ ተደረገ። መምህራኑን ግን አንድ በአንድ በተናቸው። በዚያ ላይ የእህቴን ልጅ ሌሎች የክፍል መምህራን «አንቺ ባለሙያ ነሽ» እያሉ ያማክሯታል፤ መምህር የጎደለ ዕለትም የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይሰጧታል።

ትምህርት ቤቶቻችን በአቅራቢያቸው ካሉት ጋር በጉድኝት ተደራጅተዋል። እንግዲያው አማካሪ ከአንድ ግቢ ብቻ ለምን ይፈለጋል? በ2 ሳምንት አንድ ቀን የምልክት ቋንቋ ወደምትችል ነባር መምህርት ክፍል ትሂድ፣ ሌላ ጊዜ ነባሯ ወደ እሷ ትምጣ። የሚያስፈልገው የታክሲ ገንዘብና ለዚያ ቀን ክፍሉን የሚይዝ ሰው ነው። የሚፈርምላት ሰው እጇን ማንበብ የሚችል ይሁን።

የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ ላስተምር የሚል የዝውውር ማመልከቻ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። እስካሁን አላስገባችውም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቅደማት።