ከአዘጋጁ፦ ፎቶው የማያሳየው

ከሱዳኑ ገዳሪፍ እስከ መተማ ያለው የዋልካ መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ፣ በግራርና በበደኖ ዛፎች አካባቢ ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ዝንብ ትበዛለች። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ፣ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ ናት።

ይህን እትም ስናሰናዳ ደጋግሞ የተነሣው ጥያቄ፣ ዝንቧን ሳይይዙ በፎቶ ብቻ መለየት ይቻላል ወይ የሚል ነው። በከፊል ይቻላል። ፀጉራም ገላዋና ስታርፍ ወደ ላይ ከፈት አድርጋ የምታቆመው ክንፏ ከወባ ትንኝ ይለዩዋታል። ዝርያዋን ለማወቅ ግን የሴቷን ጉሮሮና የዘር ማጠራቀሚያ ከረጢት፣ የወንዱን ደግሞ የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዛሬም የመብራት ወጥመድና ዘይት የተቀባ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። የሰሊጥ ዘይትም ያገለግላል፤ በሰሊጥ አገር ይህ መቼም አይቸግርም።

የፎቶ ወዳጆች ቅር ሊላቸው ይችላል። ነገር ግን ዝርያዋን ለይቶ ማወቅ ከንቱ ድካም አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር ሲቀሰቀስ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነበር። በሽታውን ከሑመራና ከመተማ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ተገመተ። በወረዳው ሥር ሊሰድ የሚችለው ግን የምታስተላልፈው ዝንብ እዚያው ካለች ነው፤ የዝርያዋ ነገር ያን ያህል የሚያሳስበንም ለዚህ ነው።