መርፌ ወግቷት ያልታወቃት ሰፊ

ሙግቱ የተነሣው ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ወደ ለቡ ሲሄዱ በምትገኝ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች የሰፊዋ ጎረቤቶች ናቸው። አንዷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ሌላው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፊዋ ጉዳይዋ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ ስሜ ግን ይቅር ብላለች።

ትመርመር

ነሐሴ ለልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለውም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የደንብ ልብሱ በየጥጉ ተቆልሏል። ጎረቤቴ ነጭ ሸሚዝ ስትሰፋ ጨርቁ ላይ የደም ጠብታ አየች። የስፌት መኪናዋን አገላበጠች፤ አጠገቧ የምትጫወተውን ልጇን እጇን ገልጣ አየች። ደሙ የራሷ ነበር። መርፌ የሌባ ጣቷን ወግቷት አልታወቃትም።

ከፋሲካ ወዲህ ሌሊት ሌሊት እጇ ደንዝዞ ይቀሰቅሳታል፤ አራግፋ አራግፋ መልሳ ትተኛለች። ውስጥ እግሯን ጉንዳን የወረራት ይመስላታል። ስትጠየቅ “ነርቭ ነው” ትላለች። እኛ ሰፈር “ነርቭ ነው” ከተባለ ጥያቄው አለቀ ማለት ነው።

ጋሼ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ኋላ ቆመው በቀን ስንቱ ሰው “ለነርቭ የሚሆን ነገር ስጪኝ” እንደሚለኝ ቢሰሙ! ቢ ኮምፕሌክስ ይገዛሉ፤ ሲያልቅ ይደግማሉ። በውስጡ ያለው ቫይታሚን ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ እጅና እግር ያደነዝዛል። የቲቢው መድኃኒት አይሶናያዚድ ደግሞ ቢ6ን ከሰውነት ያሟጥጥና እንዲሁ ያደነዝዛል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ያው ቢ6 ነው። አንዱ እንክብል አንዱን ያድናል፣ ሌላውን ይጎዳል። እሷ የትኛዋ እንደሆነች ሳላውቅ ምን ልሽጥላት?

የእጇ ነገር አንጓዋ ላይ የተጨቆነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ አንጓውን አጥፎ ጨርቅ ለሚገፋ ሰው የተለመደ ነው፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ይደነዝዛሉ፣ ሌሊት ይብሳል። እግሯስ? የአንጓ ነርቭ እግር አያደነዝዝም። ስኳር ቢሆን ከጣቷ በሚወሰድ ጠብታ ደም ፍንጩ በደቂቃ ይታያል። የቢ12 እጥረትም ይሆናል፤ ጾም አትሽርም፣ በፍስኩም ቢሆን ሥጋና ወተት ከማዕዷ ከራቁ ቆይተዋል። ቢ12 ካነሰ በመርፌ ይሞላል። ከዘገየ ግን ሕብለ ሰረሰርን ይጎዳል፤ ያን ጊዜ የሄደው ሁሉ አይመለስም።

ዘነበወርቅ ያለውን አለርት ሆስፒታልን ያስቡ። በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሥራው ሥጋ ደዌ ነበር። ሥጋ ደዌ ጣት አይበላም፤ ነርቭ ገድሎ ጣቱን ያደነዝዘዋል፣ የቀረውን እሳትና ስለት ይጨርሱታል። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተወስዶ ያድናል። የሞተ ነርቭ ግን አይነሣም። ሥጋ ደዌ አለባት አላልኩም። መርፌ ወግቶት ያልታወቀውን ሰው ግን “ትንሽ ይቆይ” አይሉትም።

ደግሞም ሐኪም ስም ያላወጣለትን ሕመም ሰፈር ያወጣለታል። ቡና ላይ “መተት ነው”፣ “የሰው ዓይን ነው” ተብሎ አልቋል። ለንጉሥም አልቀረ፤ ዐፄ ምኒልክን በ1902 ዓ.ም. ጥቅምት ስትሮክ ሲጥላቸው አገሩ መርዝ ነው አለ።

ምን ልታገኝ?

ልጄ፣ መርዝ ያለው አገሩ ብቻ አልነበረም። ቤተ መንግሥት የገባው ጀርመናዊው ሐኪም ስታይንኩለር ነው ንጉሡ ተመርዘዋል ብሎ ወሬውን ያጋጋለው። ስም ያወጣ ሁሉ አወቀ ማለት አይደለም።

የሐኪም ጠላት አይደለሁም። ፊቷ በአንድ ጎን ቢወድቅ፣ ምላሷ ቢተሳሰር፣ አንድ እጇ ድንገት ቢዝል በዚያው ሰዓት ተሸክመን እንሮጣለን። ያ ሙግት የለውም። እኔ የማነሣው ቀስ እያለ ስለሚመጣው፣ ማለቂያው ስለማይታወቀው ምልልስ ነው።

ባለቤቴ ሁለት ዓመት ተመላልሳለች። የት እንደሆነ አላነሣም። ወረፋ ለመያዝ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከቤት እንወጣ ነበር። አንዱ ወደ ሌላው ይልካል፣ ሌላው አዲስ ካርድ አውጡ ይላል። በመጨረሻ ኤም አር አይ ተነሣች፤ የብዙ ወር ጡረታዬ በግማሽ ሰዓት ሄደ። ስንመለስ ትልቁን ፖስታ ደረቷ ላይ አቅፋ ታክሲ ውስጥ ተቀመጠች። እኔ በሽታው ተገኘ ብዬ ፈርቻለሁ፤ እሷ ያለቀሰችው አልተገኘም ብላ ነው። “ንጹህ ነው፣ ጭንቀት ነው” ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ እግሯ ሲከዳት ዘመድ ሁሉ “አውቃ ነው” ማለት ጀመረ። ቀድሞ መልስ አልነበራትም፤ አሁን መልስ የለሽም የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አላት።

ስሙ ቢገኝስ? “የሚጥል በሽታ አለባት” የተባለች ልጅ ምን እንደሚደርስባት አንቺው ታውቂያለሽ፤ ሰው አጠገቧ መቀመጥ ይፈራል፣ ለጋብቻ የሚጠይቃት ይጠፋል። የጎረቤታችን ደንበኞችስ “እጇ አይሰማትም” የሚለውን ሲሰሙ ለመስከረም ማንን ያሰፋሉ?

ናንሲ ዌክስለር የምትባል አሜሪካዊት አለች። እናቷን የገደለው የሃንቲንግተን በሽታ ነው። በሽታው ከወላጅ ይወረሳል፤ ለልጅ የመድረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ ማዳኛም የለውም። ዌክስለር ዘረመሉን ፍለጋ ብዙ ደከመች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ተገኘ፣ ቁርጡን የሚናገር ምርመራም መጣ። ታዲያ በሽታው በቤተሰባቸው ካለ ሰዎች አብዛኞቹ ሳይመረመሩ መኖርን መረጡ። እሷም ስለ ራሷ ለዓመታት ዝም ብላ፣ በሽታው እንደያዛት በይፋ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ስለዚህ ሕመም ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነበር? “ቁርጤን አውቄ ምን ላደርግ ነው?” ብሎ የጠየቀ ሰው መሃይም አይባልም።

መልስ

ጋሼ፣ በእትዬ ላይ የደረሰው ያሳዝነኛል። ግን “ንጹህ ነው” ማለት ሥዕሉ ንጹህ ነው ማለት ነው። ኤም አር አይ ቅርጽ ያሳያል፤ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እንኳ ሥዕላቸው ንጹህ የሆነ ብዙ ናቸው። ቅርጹ ሳይነካ አሠራሩ ብቻ የሚዛባበት ሕመም አለ። አውቆ ማስመሰል አይደለም፣ ሐኪም የሚለይበት የራሱ ምልክት አለው፣ በፊዚዮቴራፒና በምክር የሚሻላቸውም አሉ። “ጭንቀት ነው” ብሎ ያሰናበታቸው ሰው ምርመራውን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል።

ኤም አር አይንም ያመጡት እርስዎ ነዎት። የነርቭ ሐኪም በመጀመሪያ የሚያነሣው የጎማ መዶሻና ጥጥ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ቁሚ ይላታል። ተረከዝሽን ከጣትሽ እያስጠጋሽ ተራመጂ ይላታል። የሚርገበገብ ብረት ቁርጭምጭሚቷ ላይ አኑሮ “ይሰማሻል?” ይላታል። እንዲህ ያለ ሐኪም አሁንም ብርቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስኳሩን ለማየት ግን ጤና ጣቢያችን ይበቃል።

ስለሚጥል በሽታ ካነሡ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ በሽታው ነበረበት። ተገቢውን መድኃኒት ይወስድ የነበረው ግን ከመቶ ሕሙማን ሁለት እንኳ አይሞላም። ታዲያ ልጅቷን ምድጃ ውስጥ የሚጥላት የበሽታው ስም ነው ወይስ ስሙን መሸሻችን?

ጎረቤታችን ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ጠበሏንም አትተው። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ለኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጠበሉንም ውሰዱ ብለው መክረዋል።

መልስ ለመልስ

በጎማ መዶሻው ተሸንፌያለሁ። ስኳሩ ይታይ፣ ቢ12ቱም ይታይ። ከዚያ በኋላ “ይኼም ይነሣ፣ ያም ይላክ” ሲመጣ የት ላይ እንደምታቆም ግን አሁኑኑ፣ ብሯ ሳያልቅ፣ እሷው ትወስን። እኛ ከባለቤቴ ጋር ያንን ሳንነጋገር ነው የጀመርነው።

ይኼን ጽሑፍ ሁለታችንም ሄደን አነበብንላት። የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። “ሸሚዞቹን ጳጉሜን 3 ላስረክብና እንሄዳለን” አለች። እንሄዳለን ስትል ማንን እንደሆነ አልገባኝም። የሌባ ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላዋለች።

“እንዳይወጋሽ ነው?” አልኳት።

“ጨርቁ እንዳይበላሽ” አለችኝ።