ከመዝጋት በፊት መጨመቅ

ታላቅ እህታችን የጡት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ወደ ቤት ስትመለስ፣ ከቁስሏ ውስጥ ፈሳሽ የሚያወጣ «ድሬን» የተባለ ቀጭን ቱቦና በጫፉ የተገጠመች በመዳፍ የምትያዝ የጎማ ኳስ ነበራት። «ስትሞላ ድፉ» ተብለን ስለነበር ደፋን፤ ክዳኗንም ዘጋን። በማግስቱ በኳሲቱ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ብቻ፣ የቁስሉም ዙሪያ አብጦ አገኘን። ነርሷ ኳሲቱን ጨምቃ ብትዘጋት ፈሳሹ ወዲያው መውረድ ጀመረ። ስሕተቱን የፈጸምነው ፊዚክስ የምናስተምር እኛው ነን!

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። አየሯ ወጥቶ የተዘጋች ኳስ ወደ ቀድሞ ቅርጿ ለመመለስ ስትጥር በውስጧ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ያንሳል፤ ፈሳሹም ግፊት ወደሚያንስበት ይገፋል። እየሞላች በሄደች መጠን ግን ኃይሏ ይደክማል። በመሆኑም ግማሽ ያህል ስትደርስ በታጠበ እጅ መደፋት፣ እንደ ተጨመቀች መዘጋት፣ ከቁስሉ ዝቅ ብላም ከልብስ ጋር መያያዝ ይኖርባታል። የፈሳሹ መጠን በሚሊ ሊትር ከነሰዓቱ ይመዝገብ፤ ብዙ ሐኪሞች ቱቦው እንዲወጣ የሚያዝዙት የ24 ሰዓቱ ድምር ከ30 ሚሊ ሊትር ገደማ በታች ሲሆን ነውና። ትኩሳት፣ መግል፣ የቁስል መቅላት ወይም የፈሳሹ በድንገት መቆም ሲታይ ግን ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ መጠበቅ አይገባም።

ምክንያቱ ያልተነገረ ትእዛዝ በቀላሉ ይረሳል። ስለዚህ አስታማሚው ከሐኪም ቤት ከመውጣቱ በፊት በነርሷ ፊት አንድ ጊዜ ደፍቶ፣ ጨምቆና ዘግቶ ቢያሳይ፣ «ለምን?» የሚለውም ቢነገረው እንላለን። እኛ መምህራንም የግፊትን ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳው አውርደን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ልናደርሰው ይገባል።