የሳነቴ ሐይቆች ጉብኝት ከነገሌም ይጀምር

የሳነቴን ሐይቆች ለመጎብኘት የሚወጣው ዕቅድ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስ፣ ሮቤ ወይም ጎባ እደር፣ ጠዋት ተራራውን ውጣ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተመለስ። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ነገሌ ቦረና የለችም፤ መዳ ወላቡም ደሎ መናም የሉም። ከተራራው በስተደቡብ የሚኖር ሰው ጎብኚ ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም።

የሚያሳዝነው እኛም መስማማታችን ነው። "ከብቱ ያለቀበት ሰው ሐይቅ ሊያይ ተራራ ይወጣል?" እንላለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲቀሩ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። ከማንም በላይ የውኃውን ምንጭ ማወቅ ያለበት ውኃ የጠማው ሰው ነው።

ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አምባ ነው። ጥንት የበረዶ ግግር ቦርቡሮ የሠራው ገርባ ጉራቻ፣ በአማርኛ "ጥቁር ሐይቅ"፣ የሚገኘው እዚያው አካባቢ ነው። የተራራው ሐይቆችና ረግረጎች ዝናቡን ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁታል። ወይብና ወልመል ከባሌ ተራሮች ይነሳሉ። ወልመልን የሚቀበለው ገናሌ ዶሎ አዶ አጠገብ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆንና ወደ ሶማሊያ ይዘልቃል። ስለዚህ ለአዲስ አበባው ጎብኚ የፎቶ ዳራ የሆነው ተራራ ለቆላው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው።

ውኃ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለነገሌ አዲስ አይደለም። በጥር 1966 ዓ.ም እዚህ የነበሩ ወታደሮች የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ቢከለከሉ አመፁ። ሊያረጋጋ የመጣውን ጄኔራል ይዘው የራሳቸውን ምግብና ውኃ አቀመሱት። አብዮቱ ሲተረክ ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ዛሬ ግን ሳነቴ ላይ ግጦሽ ሲበዛ፣ ሐረና ጫካ ሲቃጠል "ተው፣ ውኃው የእኛም ነው" የሚል ድምፅ ከታች አይሰማም። ያላዩትን ነገር መከራከሪያ ማድረግ ይከብዳል።

መንገዱ አለ። ከነገሌ ገናሌን ተሻግሮ በደሎ መና፣ በሐረና ጫካ፣ በሪራ በኩል ሳነቴ ይወጣል። ችግሩ አሠራሩ ነው። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ነው፤ ከደቡብ የሚመጣ ሰው ፓርኩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው የሚደርስበት። የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ደስ ብሎናል። አሁን ደግሞ የሚመለከታቸው አካላት ለቆላው ተማሪዎች የጉብኝት ፕሮግራም ያውጡ፤ ደሎ መና ላይም መረጃ የሚሰጥና አስጎብኚ የሚያገናኝ ቢሮ ይክፈቱ።

የምትሄዱም ተዘጋጁ። የሚመቸው ዝናቡ እንዳበቃ፣ ኅዳር አካባቢ ነው፤ በጋው ሲገፋ ትንንሾቹ ሐይቆች ይሸሻሉ። ሌሊቱ ውርጭ ነውና የነገሌ ልብስ አይበቃም። ከ1,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ በአንድ ቀን 4,000 መውጣት ራስ ያዞራል፤ መንገድ ላይ እደሩ። መኪና ከመንገድ አታውጡ፤ እሳት አታንድዱ፤ ውሻ አትውሰዱ። በዓለም ላይ ከ500 እንደማይበልጡ ከሚገመቱት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው፤ ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛ ግን ወርቁን ገና አላየነውም። የነገሌ መምህራን፣ የዕድር ዳኞች፣ የወጣት ማኅበራት፣ የዘንድሮ ጉዟችሁን ወደ ሳነቴ አድርጉት።