«ባሕሩ አሲድ አልሆነም» ለሚለው ሙግት መልስ

የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከ7 በታች ሲሆን አሲድ ነው) ዛሬም ከ7 በላይ ስለሆነ የኮራል ሥጋት ማጋነን ነው የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይታተማል። መነሻው እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የውቅያኖስ ገጽ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለመጠጠ ፒኤቹ ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ወርዷል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ የሃይድሮጂን አዮን በ30 በመቶ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው።

ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። የተጨመረው ሃይድሮጂን ካርቦኔቱን ወደ ባይካርቦኔት ይለውጥበታል። «ካርቦን ሲበዛ የግንባታው ዕቃም ይበዛል» የሚለው ሙግት የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው።

ጉዳቱ የነገ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ በዋን ትሪ ደሴት የተካሄደና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎች ሪፉ (ኮራል የገነባው አለት) ላይ የሚፈሰውን ውሃ ወደ ቅድመ ኢንዱስትሪው ዘመን ይዘት ሲያስጠጉት ግንባታው በ7 በመቶ ገደማ ጨመረ።

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በሚፈልቅበት ስፍራ ኮራል መኖሩም ሥጋት የለም ለማለት በማስረጃነት ይጠቀሳል። አዎ፣ ፖራይተስ የተባለው ድቡልቡል ኮራል ችሎ ይኖራል፤ ቅርንጫፋሞቹ ኮራሎች ግን ይመናመናሉ፣ በመካከላቸው የሚሸሸጉት ትናንሽ ፍጥረታትም አብረው ይቀንሳሉ። ፒኤች ከ7.7 በታች በወረደበት ደግሞ ሪፍ ጭራሽ አይገነባም።