መዝገበ ቃላቱ አለ፤ በሩ ግን የታለ?

የፊዚክስ መምህር በመዝገበ ቃላት ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ የሚጀምረው ከራሱ ከፊዚክስ ነው። በኮምፒዩተር የሚያሰላ የፊዚክስ ተማሪ የፕላንክን ቋሚ ከመጽሐፍ ጀርባ ፈልጎ አኃዝ በአኃዝ አይገለብጥም። ሳይፓይ የተባለው ነፃ ጥቅል የታወቁትን የተፈጥሮ ቋሚዎች በውስጡ ይዟልና ተማሪው በስማቸው ይጠራቸዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የፕላንክ ቋሚ በስምምነት 6.62607015 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ሆኖ ለአንዴና ለመጨረሻ ሲወሰን፣ ጥቅሉን ያደሰ ሰው አዲሱን ዋጋ ያለ ተጨማሪ ድካም አገኘ። ቁጥሩማ ቀድሞም በሰንጠረዥ ታትሞ ይሸጥ ነበር። ተማሪውን ከግልበጣና ከግልበጣ ስሕተት ያዳነው፣ ከቁጥሩና ከፕሮግራሙ መካከል የተሠራው ትንሽ በር ነው።

የእኛን መዝገበ ቃላት ስናስብ ሰንጠረዡ ሞልቷል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። የደስታ ተክለ ወልድ ትልቁ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጥቷል። የቶማስ ኬን የአማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ቅጽ ለንባብ በቅቷል። እነዚህ የዕድሜ ልክ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም በስልክ ላይ የሚሠራ የፊደል ማረሚያ ወይም የመማሪያ ጨዋታ ለማዘጋጀት የተነሣ ወጣት እነዚህን ሥራዎች በፕሮግራሙ ውስጥ በቀላሉ ሊጠራቸው አይችልም።

ይህ ምን እንደሚያስከፍል በመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝነት ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድ ተማሪ ከታተመ መዝገበ ቃላት ብዙ ሺህ ቃላትን በእጁ ሲጽፍ ወራት አሳልፎ ነበር። የጥናቱ ርዕስ ሌላ ነበር፤ ለርዕሱ የተረፈው ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ፈተናውን አለፈ። ፋይሉ በሲዲ ተቀርጾ ከጽሑፉ ጀርባ ኪስ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ወደ መደርደሪያ። በዓመቱ ሌላ ተማሪ ያንኑ መጽሐፍ ከ«ሀ» ጀምሮ መጻፍ ጀመረ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ላብራራ። በሙያው ቋንቋ ላይብረሪ የሚባለው ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም ሳይሆን ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የተዘጋጀ የትእዛዞች ስብስብ ነው። ጥቅል የምንለው ደግሞ ይህ ላይብረሪ ከመረጃው፣ ከአጠቃቀም መመሪያውና ከፈቃዱ ጋር አንድ ላይ ታስሮ በአንድ ትእዛዝ እንዲጫን ሲደረግ ነው። ኮዱ ለማንም የተገለጠ፣ ማንም አርሞ ሊያሰራጨው የሚችል ከሆነ ክፍት ምንጭ ይባላል።

የእንግሊዝኛው ዎርድኔት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቁ ጆርጅ ሚለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመሩት ይህ የመረጃ ቋት ቃላትን በትርጉም ቡድን ያደራጃል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው 3.0 እትም ከ117 ሺህ በላይ ቡድኖች አሉት። ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ቢሆኑም በቀጥታ ለማንበብ አይመቹም፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚታወቀው ፋይሉ ውስጥ ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር በሚናገር ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር ነውና። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ኤንኤልቲኬ የተባለ የማስተማሪያ ጥቅል ይህን ሁሉ ከተጠቃሚው ሰወረ። ተማሪው ቃሉን ይጽፋል፤ ትርጉሙን፣ ተመሳሳዮቹንና የበላይ ቃሉን ያገኛል። በሦስት መስመር ኮድ የሚያልቅ ነገር ነው።

ከዎርድኔት ድካምም የምንማረው አለ። ቁጥሩ የባይት ቦታ ስለሆነ ከፊቱ አንድ መግቢያ ሲጨመር የኋለኞቹ ቁጥሮች ሁሉ ይፈናቀላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የቀረበው ኢሜጅኔት የተባለው ግዙፍ የሥዕል ስብስብ ምድቦቹን የሰየመው በ3.0 እትም ቁጥሮች ነው፤ ውሻ 02084071 ነው። በኋላ በወጣው 3.1 እትም ውሻ ሌላ ቁጥር ያዘ፤ ሁለቱን ለማገናኘትም የማዛመጃ ሠንጠረዥ አስፈለገ። እኛ ከመነሻው ለእያንዳንዱ መግቢያ ከቦታው ጋር የማይገናኝ፣ አንዴ ከተሰጠ የማይነካ መለያ ብንሰጥ ይህን ጣጣ እናመልጣለን።

የእኛ ፊደል ግን የራሱን ጥያቄ ያመጣል፤ ለእኔ የሥራው ጣፋጭ ክፍልም ይኸው ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር አገኘ። «ጸ» 4920 ሲሆን «ፀ» 4928 ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ከ«መ»ና ከ«ቀ» ባላነሰ የተለያዩ ናቸው። የአማርኛ ጸሐፊ ግን በፈቀደው ይጽፋል። «ፀሐይ» የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛው ደግሞ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ተብሎ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ኻ»ን ሳንቆጥር 12 አጻጻፍ ሆነ ማለት ነው። በሩ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ 11ዱ እንግዶች ውጭ ያድራሉ።

ታዲያ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ቀይረን መረጃውን እናስተካክለው የሚል ፈጣን መፍትሔ ይቀርባል። አጥብቄ እቃወማለሁ። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ አበራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። ፀሐይን ሌባ የሚያደርግ መዝገበ ቃላት ማን ይፈልጋል? ትክክለኛው መንገድ የሊቁን አጻጻፍ እንዳለ ጠብቆ ከጎኑ የፍለጋ ቁልፍ ማስቀመጥ ነው። ቁልፉ ላይ ሞክሼ ፊደላት ይዋሐዱ፤ መረጃው ላይ ግን አይነኩ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገብ የተደራጀበት የአበገደ ተራም እንዲሁ ይፈታል፤ አንዱ መረጃ በሀለሐመም በአበገደም ተራ ሊነበብ ይችላልና።

ግስ ሌላ ጉዳይ ነው። «አልተሰበረችም» የሚለውን ያየ ሰው መዝገቡ ውስጥ የሚያገኘው «ሰበረ»ን ነው። ይህን የሚፈታ ነፃ ሶፍትዌር በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጋሰር ሠርተዋል፤ ሆርንሞርፎ ይባላል። ትንሹ ላይብረሪ ያንን ሥራ ከመድገም ይልቅ ቃሉን ወደዚያ ልኮ መልሱን ቢቀበል ይሻላል። ትንሽነት ጸጋው ነው። በቃል ፈልግ፣ በመነሻ ፊደላት ፈልግ፣ በሥር ፈልግ የሚሉ ሦስት ትእዛዞች ይበቁታል።

ለመጠኑ የሚሰጋ ካለ እናስላ። 50 ሺህ መግቢያ ያለው፣ ለእያንዳንዱም በአማካይ 200 ፊደል የተጻፈበት መዝገበ ቃላት 10 ሚሊዮን ፊደል ይሆናል። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ጠቅላላው 30 ሚሊዮን ባይት ነው፤ ያውም ሳይጨመቅ። ርካሽ ስልክ ይይዘዋል፤ ኢንተርኔት በጠፋበት ቦታም ይሠራል።

ዛሬ የሚያወራ ኮምፒዩተር እያለ መዝገበ ቃላት ምን ያደርጋል የሚሉኝ ተማሪዎች አሉ። ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች ላላወቁት ቃልም እውነት የሚመስል ፍቺ ከመስጠት አይመለሱም። መዝገበ ቃላት ግን ቃሉ ከሌለው የለም ይላል፤ ካለው ደግሞ የማን ፍቺ እንደሆነና በየትኛው ገጽ እንዳለ ያሳያል። ሞዴሉን የምንፈትነውም በዚሁ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ፈቃዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። የኮዱ ፈቃድና የመረጃው ፈቃድም የተለያዩ ናቸው፤ ኮዱን ነፃ ማድረግ የሌላውን ሰው መዝገበ ቃላት ነፃ አያደርግም። የዎርድኔት ባለቤቶች የምንጩ ማስታወሻ እስካልጠፋ ድረስ ማንም እንዲጠቀም፣ እንዲያሻሽልና እንዲያሰራጭ ፈቅደው ነበር። በዚህም ምክንያት ፕሪንስተን ቋቱን ማሳደግ ባቆመ ጊዜ ሌሎች «ክፍት የእንግሊዝኛ ዎርድኔት» ብለው ቀጠሉት። የእኛ ደራስያን ወራሾችና አሳታሚዎች ተለምነው እስኪፈቅዱ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። የአውጉስት ዲልማን የግእዝ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1865 የታተመ ነውና የባለቤትነት ጥያቄ የለበትም፤ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በኤክስኤምኤል አዘጋጅተው ለሕዝብ ከፍተውታል። ፍቺው በላቲን መሆኑ ለአገራችን ተማሪ እንቅፋት ቢሆንም ለመነሻ ሥራ ከዚህ የተመቸ የለም። የዝግጅቱን ፈቃድ ቃል በቃል ማንበብና የአዘጋጆቹን ስም በጥቅሉ ውስጥ ማኖር ግን ግዴታ ነው።

ይህን ማን ይሥራው? ገንዘብ ከማጣት ይልቅ የሚያግደን ቁጥር ነው። መምህር ለማዕረግ ዕድገት ሲቀርብ የጆርናል ጽሑፎቹ ይቆጠሩለታል፤ ሺህ ሰው የሚጠቀምበት ጥቅል ግን የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ተደርጎ ይታለፋል። በእኔ ግምት በየዓመቱ የሚታደስ፣ መመሪያው በጥራት የተጻፈ የመዝገበ ቃላት ጥቅል ከብዙ ጽሑፎች የበለጠ ምሁራዊ ክብደት አለው። የፋኩልቲው ኮሚሽን እንደ አንድ ሕትመት እንዲቆጥረው ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁሉን አቀፍ አገር አቀፍ ፕሮጀክት እንጠብቅ የሚሉ ባልደረቦቼም አሉ። ፕሮጀክቱ ይምጣ፤ እስከዚያ ግን በየዓመቱ አንድ ተማሪ ከ«ሀ» መጀመሩን ይቀጥላል።

በመጪው ሴሚስተር ከኮምፒዩተር ሳይንስ ሁለት፣ ከቋንቋ ክፍል አንድ ተማሪ አጣምረን ብንመድብ ሥራው ይጀመራል። የመጀመሪያ ተግባራቸው ሙከራዎቹን መጻፍ ይሁን። በአማርኛው ፍለጋ ፀሐይ በ12ቱም አጻጻፍ ስትጠየቅ አንድ መልስ ትስጥ፤ በግእዙ ደግሞ «ሠረቀ»ና «ሰረቀ» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መለያ ይመለሱ።