እኩልነት በመቀነስ ይመጣል እንዴ?

«ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» ይባላል። ይህን ተረት ያስታወሰኝ አብዛኞቻችን ስሙን እንኳ የማናውቀው የኦሎምፒክ ውድድር ነው። ነገሩ የ50 ሜትር ተኝቶ የጠመንጃ ተኩስ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድድሩ እንዲህ ነው። ተኳሹ በደረቱ ይተኛል፤ ጠመንጃውን በክንዱ ላይ በሚጠመጠም ማንገቻ ያጠብቃል፤ 50 ሜትር ርቆ ወደተተከለ ኢላማ 60 ጥይት ይተኩሳል። አስር ነጥብ የሚያሰጠው የመሀል ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የትንሽ ጣታችን ጥፍር ያህል ማለት ነው! በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ የቤላሩሱ ሰርጌይ ማርቲኖቭ በማጣሪያው 60ውንም ጥይት እዚያች ክብ ውስጥ አግብቶ ከ600 600 አመጣ። በፍጻሜው ደግሞ በድምሩ 705.5 ነጥብ የወርቅ ሜዳሊያውን ወሰደ። ያኔ ዕድሜው 44 ነበር።

ተኝቶ ተኩስ በኦሎምፒክ ከ1948 እስከ 2016 ድረስ አንድም ጊዜ ሳይቀር ተካሂዷል። የመጨረሻውን ወርቅ በሪዮ ያገኘው ጀርመናዊው ሄንሪ ዩንግሄነል ነው። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ተሰረዘ። በቶኪዮ አልነበረም፤ በ2024 ፓሪስም አልተመለሰም።

ለምን ተሰረዘ? የተሰጠው ምክንያት እኔን ሴቷን ደስ ሊያሰኘኝ የሚገባ ነው፤ የጾታ እኩልነት! በሪዮ በተኩስ ስፖርት 15 ውድድሮች ነበሩ፤ 9ኙ የወንዶች፣ 6ቱ የሴቶች። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ በ2017 ከወንዶቹ ሦስት ውድድሮች ተነሱና በምትካቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በቡድን የሚወዳደሩባቸው ሦስት ድብልቅ ውድድሮች ገቡ። ከተነሱት አንዱ ተኝቶ ተኩስ ነበር። አሁን ሒሳቡ 6 ለ6፣ ከዚያም 3 የጋራ ሆነ። በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም።

ይህን ጉዳይ ላውንጅ ሻይ እየጠጣን አንስቼ ነበር። አንዱ የክፍላችን ልጅ፣ «አንቺ ደግሞ! ለሴቶች ሦስት ተጨማሪ የሜዳሊያ ዕድል ተሰጣቸው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕድሉ መጨመሩን አልክድም፤ ድብልቅ ውድድሮቹንም አልቃወምም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ተኝቶ ተኩስ የወንዶች ብቻ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል። ድሮ የወንዶች ብቻ አልነበረም! በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የፖላንዷ ኤውላሊያ ሮሊንስካና የፔሩዋ ግላዲስ ሴሚናሪዮ ከወንዶቹ ጋር በአንድ መስመር ተኝተው ተኩሰዋል። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደግሞ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት መርዶክ ተኝቶ፣ ተንበርክኮና ቆሞ በሚተኮስበት ውድድር ከአገሯ ልጅ ከላኒ ባሻም ጋር እኩል 1162 ነጥብ አመጣች። ወርቁ በመለያ ደንብ ለእሱ፣ ብሩ ለእሷ ሆነ። መዝሙሩ ሲዘመር ግን ባሻም እጇን ይዞ ወደ ከፍተኛው መደብ አወጣትና አብረው ቆሙ። ሰውዬው ነጥቡን ያውቃላ!

እንግዲህ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ለሴቶች የራሳቸው ውድድሮች ተከፈቱ። ይህ ብዙ ሴቶችን ወደ ስፖርቱ ስላመጣ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ተኝቶ ተኩስ የወንዶች ተባለ፤ ለሴቶች የሚሆን ተኝቶ ተኩስ በኦሎምፒክ አልተከፈተላቸውም። በዓለም ሻምፒዮና ሴቶች ተኝተው ሲተኩሱ ኖረዋል፤ በኦሎምፒክ ግን በሩ ተዘጋ። ልብ በሉ! መጀመሪያ ሴቶቹ ከውድድሩ እንዲወጡ ተደረገ፤ ከ33 ዓመት በኋላ ደግሞ «ሴቶች የሌሉበት ውድድር ነው» ተብሎ ውድድሩ ራሱ ተሰረዘ። በሩን የዘጋው ሰው ቤቱን ባዶ ነው ብሎ ሲያፈርሰው ምን ይባላል?

የእኔ አቋም አጭር ነው። ውድድሩን ከማጥፋት ይልቅ እንደቀድሞው ለሁለቱም ጾታ ክፍት ማድረግ ይቻል ነበር። አንድ መስመር፣ አንድ ኢላማ፣ አንድ ሜዳሊያ። በሩጫና በክብደት ማንሳት ወንድና ሴት የሚለዩበት ምክንያት ይገባኛል። እዚህ ግን ሰውነትን የሚሸከመው መሬት ነው። የሚፈተነው ትንፋሽን መግታት፣ ነፋስን ማንበብና ስድሳ ጊዜ ሳይሰለቹ ያንኑ ነገር መድገም ነው። ይህ የጡንቻ ጉዳይ ነው የሚለኝ ካለ ያስረዳኝ።

ሌላም መከራከሪያ አለ፤ «ተኝቶ ተኩስ ለቴሌቪዥን አይመችም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም» የሚል። እውነት ነው፣ ሰዎቹ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኙት። ይህ ግን የተኳሾቹ ሳይሆን የእኛ የጋዜጠኞች የቤት ሥራ ነው ባይ ነኝ። ለዓይን የማይታየውን ለተመልካች እንዲታየው ማድረግ ካልቻልን አራት ዓመት ምን ልንማር ነው የምንቀመጠው? 59 ጥይት አስር አስር ያገባ ሰው 60ኛውን ሊተኩስ ሲል ልቡ እንዴት እንደሚመታ ማሳየት ከተቻለ፣ ያንን ትቶ ሌላ ጣቢያ የሚቀይር ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የአንድ ስፖርት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። በየመሥሪያ ቤቱ «ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት» የሚል ሪፖርት ይቀርባል፤ ቁጥሩ እኩል ሲሆን ይጨበጨባል። ቁጥር አስፈላጊ ነው። 9 ለ6 የሚለው ቁጥር ባይቆጠር ኖሮ የተኩሱ አድልዎም ባልታየ ነበር። ግን ቁጥሩ እኩል የሆነው ሴቷ ስለገባች ነው ወይስ ወንዱ ስለወጣ? ይህን የማይጠይቅ ዘጋቢ የሠንጠረዥ ገልባጭ ነው።

መርዶክ ከባሻም ጎን የቆመችው ማንም ተቀንሶላት አይደለም። በሩ ክፍት ስለነበረ ገብታ፣ ተኩሳ፣ እኩል ስላመጣች ነው። እኩልነት ለእኔ እንዲህ ያለው ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እስቲ አስቡበት። ቸር ይግጠመን!